ያረረው የምስር ወጥ

ተረት ተረት፤ የጠገበ ይስማ፣ የራበው ይታገሥ!

በአንድ አገር ጣዕም እናውቃለን የሚሉ እንስሳት ምስር ወጥ ሊሠሩ ተሰበሰቡ። አህያም ምስሩንና ውኃውን ከሩቅ ተሸክማ ስላመጣች አብራቸው እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። ከማለዳ ጀምሮ እህል ስላልቀመሰች ዓይኗን ከተጣደው ድስት ላይ መንቀል አልቻለችም።

«ወጥ ማለት ኮረሪማ ነው» አለ ጉረኛው ዝንጀሮ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ኧረ እባክህ! ጦስኝ የሌለበትን ወጥ በአፌም አላዞረው» አለች ክርክር የምትወደው እመት ፍየል።

አገር አይቻለሁ ባዩ ቁራ ሳቀባቸው። «እናንተ መቼ ከዚህ ቀዬ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ባሕር ማዶ ምስር የሚበላው በሎሚ ነው።»

«ጌቶቼ፣ ውኃው እያለቀ ነው» አለች አህያ ፈራ ተባ እያለች።

«አንቺ ስለ ሆድሽ ታስቢያለሽ፤ እኛ የምናወራው ስለ ጣዕም ነው» አላት ዝንጀሮ።

ኮረሪማው ይቅደም፣ ጦስኙ ይቅደም ሲባባሉ ምስሩ አረረ። ጭሱ ሲያስላቸው ክዳኑን ቢከፍቱት ከሰል የመሰለ ነገር ድስቱ ላይ ተጣብቋል።

ከዚያ ቁራ በምንቃሩ ቆርሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመ። «ጭስ ጭስ ይላል! ባሕር ማዶ ይህን የሚቀምሱት ታላላቆቹ ብቻ ናቸው።»

ፍየልና ዝንጀሮ ተሻምተው ቀመሱና «ድንቅ ነው!» አሉ።

አህያም ቀምሳ «አሯል» አለች።

ጣዕም አታውቅም ተብላ ተባረረች። ሄዳ ለምለም ሣር እስክትጠግብ ጋጠች። ስትመለስ ሦስቱ ሆዳቸው እየጮኸ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምስሩን ምን ያህል እንደሚያሳርሩት ይከራከሩ ነበር።