ፈሪ ብቻ የሚገባበት ባሕር

አንድ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነጋዴ በዓለም ላይ አጥብቀው የሚጠሉት ነገር ቢኖር ፈሪ መባል ነበር። ስማቸው አቶ ጌጡ ነው። ውሻ ሲጮህባቸው መንገድ የሚቀይሩት "ጉዳይ ትዝ ብሎኝ" እያሉ ነው፤ ሊፍት እያለ ደረጃ የሚወጡት "ለጤና" ነው። መርፌ ሳይወጉ ከጤና ጣቢያ የተመለሱ ዕለት እንኳ "ነርሷ ደክሟት ባያት አዘንኩላት" ብለዋል።

ጅቡቲ የምትሠራው ልጃቸው እናትና አባቷን ጋብዛ ወሰደቻቸውና፣ "ባሕር ውስጥ ጠልቃችሁ ዓሣ እንድታዩ አዘጋጅቼላችኋለሁ" አለቻቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት በደስታ እልል አሉ። አቶ ጌጡ ግን የባሕሩን ጥልቀት ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ቢሆንም ጮክ ብለው "ይሄ ደግሞ ምን አለው!" አሉ።

በማግስቱ ጀልባ ላይ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የላስቲክ ልብስ አለበሷቸው። አቶ ጌጡ በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና፣ "ስፌቱ ደህና ነው። ግን ትንሽ ጠበበኝ፤ ሌላ ቀን ብናደርገውስ?" አሉ። የሰማቸው የለም። ውኃ ውስጥ የሚተነፍሱበት የአየር ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ ሲታሰር የጀልባውን ጠርዝ ጨበጡ።

አሰልጣኟ ሞሚና ድሬዳዋ ያደገች የአፋር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው። ውኃ ውስጥ ማውራት ስለማይቻል የእጅ ምልክቶችን አስተማረቻቸው። በሁለት ጣት ክብ መሥራት "ደህና ነኝ"፣ መዳፍን ዘርግቶ ማወዛወዝ "ችግር አለ" ማለት ነው፣ ሌላም ሌላም። ከዚያ ወደ ወይዘሮ የሺመቤት ዞረች።

"እማማ፣ ይፈራሉ?"

"እንዴታ ልጄ! በጣም እፈራለሁ።"

"ጥሩ። እርስዎስ አባባ?"

"እኔ? ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።"

"እንግዲያው ጀልባው ላይ ይቆያሉ" አለች። "የሚፈራ ሰው ያልኩትን ይሰማል፤ ሲጨንቀው ይነግረኛል። የማይፈራው ግን እየሰመጠም 'ደህና ነኝ' ይለኛል።"

አቶ ጌጡ በልባቸው "ተመስገን!" እያሉ፣ ፊታቸውን የተበደለ ሰው አስመስለው ተቀመጡ። ደስታቸው የቆየው ግን ሚስታቸው ከሞሚና ጋር ውኃ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ነበር። የወይዘሮ የሺመቤት ራስ ጠፋና አረፋ ብቻ ቡልቅ ቡልቅ አለ። አረፋው ቀነስ ሲል አቶ ጌጡ ይነሣሉ፣ በዛ ሲል ይቀመጣሉ። ጀልባ ነጂውን "ስማ፣ ይሄ አረፋ ልክ ነው?" ቢሉት አማርኛ አይሰማምና ፈገግ ብሎ የሚጠጣ ውኃ ሰጣቸው። "ውኃማ እዚህ ሞልቶ!" ብለው ጮኹበት።

በመጨረሻ ወይዘሮ የሺመቤት እየሳቁ ብቅ አሉ።

"ጌጡ! ኤሊ አየሁ! እንደ ላም ቀስ ብላ የባሕር ሣር ስትግጥ! ብቻ ዞር ብዬ 'ይኸውልህ!' ልልህ ስል የለህም። ደስታዬ ጎደለብኝ።"

አቶ ጌጡ አቀረቀሩ። ከዚያ በሹክሹክታ "እፈራለሁ" አሉ።

"አልሰማሁም" አለች ሞሚና።

"እፈራለሁ አልኩሽ! ውኃ እፈራለሁ! ውሻም፣ ሊፍትም፣ መርፌም እፈራለሁ!"

ባሕሩ ላይ ያረፉት ወፎች በርግገው ተነሡ። ወይዘሮ የሺመቤት ግን አልደነገጡም። "ይህንንማ ከተጋባን ጀምሮ አውቃለሁ። ማታ ኮሽ ሲል 'ሂጂና እዪ' የምትለኝ ለምን ሆነና?"

ሞሚናም "አሁን መግባት ይችላሉ" አለችና ሦስቱም ወረዱ። ብዙም ሳይርቁ የአቶ ጌጡ የመጥለቂያ መነጽር ውስጥ ውኃ ገባ። እጃቸው እንደ ለመደው "ደህና ነኝ" ሊል ጣቶቹን ማገጣጠም ሲጀምር ተዉትና፣ መዳፋቸውን ዝንብ የሚያባርር ጭራ እስኪመስል አወዛወዙት። ሞሚና ወዲያው ደርሳ እጃቸውን ያዘች። ውኃውን በአፍንጫ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያስወጡት አሳየቻቸውና አብራቸው ቀስ ብላ ተነፈሰች። መነጽሩ ጠራ። ሚስታቸው በጣታቸው ወደሚያሳዩት ቢያዩ፣ ኤሊዋ ሰው መጣ አልመጣ ሳትል ሣሯን ትግጣለች።

አቶ ጌጡ ከደስታቸው ብዛት "ግሩም ነው!" ለማለት አውራ ጣታቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ። ሞሚናም ይዛቸው ሽቅብ ወጣች።

"ምነው ልጄ፣ ገና መጀመሬ እኮ ነው!" ብለው ተቆጡ።

"አውራ ጣት ማቆም 'አውጪኝ' ማለት ነው አባባ። ነግሬዎት አልነበረም?"

"ያኔ ፍርሃቱ መቼ አሰማኝና!" አሉ አቶ ጌጡ፣ ምንም ሳያፍሩ። እንደገናም ወረዱ።

ወዳጆቼ፣ አቶ ጌጡን ጀልባ ላይ ያስቀራቸው ፍርሃት አልነበረም፤ ሚስታቸውም ፈርተው ነበር። ያስቀራቸው መደበቃቸው ነው። በደበቅነው ፍርሃት ማንም ሊያግዘን አይችልም፤ እጃችንን ሊይዝ የተዘጋጀ ሰው አጠገባችን ቢቆም እንኳ አያውቅልንም። እርስዎስ፣ "አልፈራም" እያሉ ምን ቀረብዎት?