የልዩ ክፍሉ ቅጽ

አንዲት ምላሷ የሰላ የሸማኔ ልጅ ኮሌጅ ገብታ፣ በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን አምስት ጓደኞቿን ትመራ ነበር። ጠዋት ክፍል ውስጥ ያልገባቸውን ከሰዓት ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ታስረዳቸዋለች።

ታዲያ ኮሌጁን ብቻቸውን የተሸከሙት የሚመስላቸው ዲኑ ዶክተር አጥናፍሰገድ ለጎበዞች ብቻ ልዩ ክፍል ከፈቱ። ልጅቷም ተጠራች፤ ግን ጓደኞቿን ጥላ ለመሄድ ሆዷ ስላልቆረጠ የመግቢያውን ቅጽ ሳትፈርም ሰነበተች። ዲኑ በገኑና ትምህርት መሃል አስነሷት።

«ቁርጡን ንገሪኝ! ከጎበዞች መጨረሻ መውጣት ይሻልሻል ወይስ ከእነዚህ ደነዞች አንደኛ?»

የቱንም ብትመርጥ ጓደኞቿን ደነዝ ማለቷ ነው።

«ዶክተር፣ ልዩ ክፍሉን የሚያስተምረው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይችላል?»

«እነዚህን ደነዞችስ እስከ ዛሬ ያስተማራቸው?»

«እኔው ራሴ!»

«እንግዲያው ቅጹ ይቆየኝ። ጎበዞቹም አንድ ሴሚስተር በእጅዎ ከቆዩ የሚያስረዳቸው ሰው መፈለጋቸው አይቀርም። ያኔ አምስቱን ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ።»