ይቅርታ ጠያቂዎቹ በሬዎች

ጠጋ በሉ፣ ተረት አለኝ። የሚሰማኝ ካለ እናገራለሁ፤ ባይኖርም እናገራለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ከሚያሳርረኝ።

ድሮ፣ በሬም ሥርም በሚናገሩበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ነበር። ቢቆርጡት የማይሞት፣ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ዘር ነው። በክረምት መጥረቢያ መጣና ጣለው።

ሥሯም ከመሬት ውስጥ፣ «አልቀየምህም» አለችው። «ፀሐይ ካገኘሁ፣ መሬቱም ካልደደረብኝ ቡቃያ አወጣለሁ። ያለ ቡቃያ ግን በጋውን አልዘልቅም።»

«የኔ ሥራ አለቀ፤ የቀረውን ለጎታቾቹ ንገሪ» ብሎ መጥረቢያው ሄደ።

ጉማጁን ሊጎትቱ ሦስት በሬዎች መጡ፤ ሽማግሌው ቦራ፣ ጎልማሳው ዳልቻና ወጣቱ ጉራቻ።

«እባካችሁ፣ መሬቱ ጭቃ ነው» አለች ሥሯ። «በአንድ መንገድ ተከታትላችሁ ውጡና ሌላውን ተዉልኝ።»

«እውነቷን ነው» አለ ቦራ። «ዳልቻ፣ ይቅደሙ።»

«እርስዎ እያሉ? ኧረ ነውር ነው። ጉራቻ ይቅደም።»

«እኔ ከታላቆቼ ፊት? አይደረግም።»

ማንም ማንንም አልቀደመም። ሦስቱም ጎን ለጎን፣ የየድርሻቸውን እየጎተቱ፣ ሜዳውን በሙሉ ረጋግጠው ወጡ። መሬቱ ደደረ። የሥሯም እኩሌታ ሞተ።

በሬዎቹ አዘኑ። ማዘንማ ማን ብሏቸው! እንደ ደንቡ በጫንቃቸው ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። የት ቆሙ? እላይዋ ላይ ነዋ።

«በድለንሻል፣ ማሪን» አሉ።

«ምሬያችኋለሁ። ውረዱልኝ።»

«ከልብሽ ነው?» አለ ዳልቻ።

«ከልቤ ነው። ውረዱልኝ አልኳችሁ።»

«ድምፅዋ ተቆጥቷል» አለ ቦራ፤ «አልማረችንም፣ ትንሽ እንቁም።» ድንጋያቸውን እንደተሸከሙ እስኪመሽ ቆሙ።

ከጉቶው ጀርባ አንዲት ያልተረገጠች ጥግ ቀርታ ነበር። ሥሯ ያላትን ኃይል ሁሉ ወደዚያ ሰበሰበችና አንዲት ቡቃያ አወጣች። እንዳይሰሙ ብላ ትንፋሽ እንኳ አላሰማችም። ወሬ ግን መቼ ይደበቃል? መጡ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ ቦራ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ከሩቁ ይበቃል።»

«የአራስ ቤት ከሩቅ ይጠየቃል እንዴ?» አለ ዳልቻና ገባ። ጉራቻም ቡቃያዋን ሊስማት ጎንበስ አለ። የበሬ ከንፈር መሳምን ከመጋጥ አይለይም፤ ቀና ሲል ቡቃያዋ የለችም።

ሥሯም እንዳለችው በጋውን አልዘለቀችም። በሬዎቹ ግን ለቅሶ ደርሰው፣ እዚያው እላይዋ ላይ ተኝተው፣ «ምን ጎደለባት? እንዲህ ስናከብራት» ይባባሉ ነበር።

ተረቴ ይኸው ነው፤ የገባው ይያዘው። እግሩን ሳያነሣ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ሁለት ጊዜ ረገጠ።