ጠሪ ያጣ ስም

አንዲት ሴት ነበረች። ሴት ልጅ ከወለደች ሰባ አምስት ቀን ሆኗታል፤ ልጇ ግን ስም አልነበራትም።

ስም ጠፍቶ አይደለም። ሴትየዋን ብቻዋን ያሳደገቻት እናቷ፣ ልጅቷ ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት ነው የሞተችው። የውብዳር ትባል ነበር። የቀብሩ ዕለት ሴትየዋ ሆዷን ይዛ፣ «ሴት ከሆነች ስምሽ አይጠፋም» ብላ ቃል ገብታለች።

ልጅቷ ስትወለድ ግን ፈራች። የሟች ስም ሞትን ቢጠራስ? መልአከ ሞት ሰምቶ፣ «ይቺ አሁንም አለች እንዴ?» ብሎ ቢመለስስ? አትሳቁባት። ልጇ ባስነጠሰች ቁጥር ቀብር የማይታያት እናት ከመካከላችሁ ማን ናት?

ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ካርዱን ገልጣ፣ «ዛሬም ‹ሕፃን› ነው የሚለው። ስሟስ?» አለቻት።

«ገና ነው፣ ሲስተር።»

«ምነው እህቴ፣ አድጋ መጥታ ራሷ ትንገረን?»

ወረፋ የያዙት እናቶች ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ስትወጣ የልጅቷን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

ባሏ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስላታል። «የእናትሽን ስም አውጪላትና ይብቃ፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እደርሳለሁ» ይላታል። እሺ ትለዋለች። እሺ ብላ ትዘጋዋለች።

ከዚያ አብረው የኖሩበት የእናቷ ቤት ጭጭ ይላል። ለቅሶ የደረሱት ሁሉ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ብቅ የሚል ጎረቤት ቢኖር እንኳ፣ «እናትሽን ነፍሷን ይማር» ይላል እንጂ የውብዳር የሚል የለም። እሷም ስሙን ጮክ ብላ ካለችው ወራት አልፈዋል። ሰው የሚቀበረው አንድ ጊዜ ነው ያለ ማን ነው? አፈሩ አንድ ጊዜ ቀበራት፤ ዝምታው በየቀኑ ይቀብራታል።

በሰባ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ ሆና የልጅቷን ጨርቅ ስታጣጥፍ ከአጥሩ ማዶ ጥሪ ሰማች።

«የውብዳር! የውብዳር፣ አለሽ?»

እጇ ጨርቁ ላይ ደረቀ። እናቷ ስታሳድጋት፣ «ጠሪውን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ፤ ሞትም ስም ይጠራል» ትላት ነበር። ጠሪው አይታይም። የተጠራችው አፈር ውስጥ ናት። ልጇን ከአልጋው አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። የፈራሁት መጣ፣ አለች በሆዷ።

በሩ ተገፋ። የገቡት እማማ ስንዱ ናቸው፣ የእናቷ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ደሴ ወስዷቸው ገና መመለሳቸው ነው።

«ምላሴን ይቁረጠው፣ ልጄ» አሉ። «አጥሩ ጋ ስደርስ አፌ ለምዶ ጠራት። እኔስ መሞቷን አውቃለሁ፤ ለአፌ ማን ይንገረው?»

ተቀምጠው አለቀሱ። ሲበቃቸው ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ብለው፣ «እቺስ ማን ተባለች?» አሉ።

«አላወጣሁላትም። የእናቴን ልላት ነበር። ስሙ ሞት ቢያመጣባትስ ብዬ ፈራሁ፣ እማማ።»

«እናትሽን ስሟ ነው የገደላት? ስኳሯ ነው እንጂ። ስንቴ ነግሬያታለሁ» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ወደ አጥሩ እያዩ፣ «እኔስ ይህን አጥር ባለፍኩ ቁጥር ማንን ልጥራ?» አሉ።

ሴትየዋ ያን ስም መጥራት የናፈቃት እሷን ብቻ ይመስላት ነበር።

«እስቲ እንደገና ይጥሯት» አለች። «እንደ ድሮው፣ ከውጭ ሆነው።»

«ሰው ማመላለሱንስ ከእናትሽ ወርሰሻል» እያሉ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸው መጣ።

«የውብዳር! አለሽ?»

ፍርሃቱ ለቀቃት እንዳትሉኝ። አልለቀቃትም። ግን እየፈራች ልጇን አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ በልጅቷ ፈንታም መለሰች።

«አቤት» አለች። «አለሁ።»

ወገኖቼ፣ እናንተስ ቤት ጠሪ ያጣ ስም የለም? ያማል ብላችሁ የማታነሡት፣ ልጆቻችሁ የማያውቁት የእናት ስም፣ የወንድም ስም የለም?

እግዚአብሔር ከቁጥቋጦው መካከል ለሙሴ ሲናገር ራሱን በማን ስም አስተዋወቀ? በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አምላክነት። ሦስቱም ከተቀበሩ ቆይተው ነበር። እርሱ የሟቾችን ስም ከራሱ ስም ጋር አብሮ ሲጠራ ካልፈራ፣ እኛ የምንፈራው ለምንድን ነው? እርሱ ዘንድ እኮ ሁሉም በሕይወት አሉ።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያን ስም ጥሩት። ልጅ ያላችሁ በልጃችሁ፣ የሌላችሁ በጸሎታችሁ ጥሩት። ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ ላይለቃችሁ ይችላል።

የእኛም ስም ጠሪ የሚያጣበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን አንድ ጠሪ ከአጥሩ ማዶ በየስማችን ይጠራናል። ድምፁን ከአሁኑ እንልመደው፤ ሲጠራን አቤት ለማለት እንዳንፈራ።