የአህዪት ጀልባና የጅብ ጠፍር

አንድ ጊዜ፣ ሐይቅ እየተሻገረች ደሴት ላይ ሣር የምትግጥ አህያ ነበረች፤ ያውም በገዛ ጀልባዋ። ጀልባዋ ሸራ የተሰቀለባት፣ በነፋስ የምትሄድ ናት። ችግሩ ከኋላ፣ መሪው ያለበት መቀመጫ ላይ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አህዪት ለጥላ ብላ በገመድ የወጠረችው ጨርቅ ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር እየረገበ ፊቷ ላይ ይጠመጠማል። ትናንት ዓይኗን ሸፍኖባት ከአለት ጋር ከመላተም ለጥቂት ነው የተረፈችው። መሻገሩን ትታ እንዳትቀር፣ ከሐይቁ ወዲህ ያለው ሣር አልቋል። ስለዚህ ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ የቀርከሃ ቅስት ልትሠራ ቆረጠች።

እርጥብ ቀርከሃ በእሳት እያሞቀች ስታጎብጥ ቀበሮና ጅብ ከተፍ አሉ።

«እመት አህዪት፣ ብቻሽን?» አለች ቀበሮ ከንፈሯን እየመጠጠች። «ይሄ እኮ አንዱ እያጎበጠ ሌላው የሚያስረው ሥራ ነው። አያ ጅቦን ይዤልሽ መጣሁ።»

«ለእኔ? አያ ጅቦን?»

«ተለውጧል! ሥጋ ከተወ ሰነበተ።»

«ትቻለሁ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

የአህዪት ጆሮ ቀጥ አለ። ጅቡ ውሃ የጠገበ የከብት ቆዳ ጠፍር በአፉ ይዟል። ጠፍር እርጥብ ሆኖ ታስሮ ፀሐይ ሲያገኘው እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በቢላ ካልሆነ አይፈታም። ዕድሜዋን ጭነት ሲጫንባት የኖረች አህያ ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋትም። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነው። ቆዳ በጅብ አፍ ውስጥ ነው፤ ጅቡ ግን አላኘከውም።

«ይሄ ሰውዬ ከቆዳ የሚበልጥ ነገር አስቧል» አለች በሆዷ።

ዘሎ እንዳይዛት እርግጫዋን ይፈራል፤ ባለፈው ሁለት ጥርስ አራግፋለታለች። እሷም ትታቸው እንዳትሄድ ጀልባዋን ይወስዱባታል።

«እሺ፣ ግቡ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከጅቡ አላነሳችም።

ሥራው ተጀመረ። አህዪት ቀርከሃውን ከጀልባዋ ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ ታጎብጣለች፤ ጅብ ጫፍና ጫፉን ያስራል፤ ቀበሮ ቆማ ታዛለች። ሁለቱ ቅስቶች ደህና ቆሙ። ሦስተኛውን ግን ቀበሮ «ዝቅ በይ! አሁንም ዝቅ!» እያለች መቀመጫው ላይ ልታስተኛው ደረሰች።

«ይሄኛው ለምን እንዲህ አጠረ?»

«ለነፋስ ነዋ። በይ አንገትሽን ከሥሩ አስገቢና ልኩን እንይልሽ።»

«የጨርቅ ልክ በአንገት ነው እንዴ የሚለካው?»

«ኧረ አንዴ ብቻ! አያ ጅቦ በጠፍር ሸብ ያደርግልሻል፤ የቀረውን ፀሐይ ራሷ ታጠብቀዋለች።»

አህዪት ነቃች። እንዳልነቃች ሆና ግን አንገቷን ዝቅ አደረገችና፣ ድንገት ቆም ብላ አፍንጫዋን ነፋች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄን ሦስተኛውን በቀኝ በኩል ያሰርክበት ቋጠሮ ላይ ሞራ ቀርቶበታል ልበል? ሞራ ያለበት ጠፍር ይንሸራተታል እኮ።»

«ሞራ?» የጅብ አፍንጫ ተርገበገበ። «የቱ ጋ?»

«አትስማት! ልትሸውድህ ነው!» ጮኸች ቀበሮ።

«አሽትቼ ልመለስ፣ እመት ቀበሮ። ማሽተት ምን አለው?»

አሸተተ። ላሰ። ከዚያ ጥርሱን ሰደደና ቋጠሮውን ቆርጦ ጎረሰው። የጎበጠው ቀርከሃ እንደ ወስፈንጥር ተፈናጠረና «ጧ!» አድርጎ መንጋጋው ሥር አገኘው። ጅብ ወደ ሐይቁ ሲወነጨፍ የሚይዘው ቢያጣ የቀበሮን ጅራት ያዘ፤ ተያይዘው ውሃው ውስጥ ጥልቅ!

አህዪት በሩጫ ሸራዋን ዘረጋች።

«እመት አህዪት!» አለች ቀበሮ ውሃ እየተፋች። «ለአንቺው ምቾት ብዬ እኮ ነው!»

«ምቾቱን ለራስሽ ያርግልሽ!»

ጅቡ ግን ከቀበሮ አጠገብ እየተንቦጫረቀ ያኝካል። «እውነቷን ነው፣» አለ፣ «ሞራ አለው።»

ደሴቱ ላይ ስትደርስ አህዪት ሣር አልነካችም። መጀመሪያ ጅብ ያሰረውን ሁሉ፣ ደህና የቆሙትን ሁለት ቅስቶች ጭምር፣ ጠፍሩ ሳይደርቅ ፈታች። ከዚያ እያንዳንዱን በራሷ ገመድ፣ በራሷ ጥርስ እየጎተተች አሰረች። ጨርቁን ስትወጥርበት ነፋሱ መጣ፤ ጥላው ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ልማዱን ድንገት ትቶ «ላግዝህ» የሚል ሲመጣ፣ ይዞት የመጣውን ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ለምን እንዳልበላውም ማየት እንዳለብን ነው።