የአያ ጅቦ የዝግባ ወንበሮች

አንድ ጊዜ፣ የዝግባ ደን በለበሰ ተራራ ግርጌ፣ እመት ጦጣና አህያ አብረው የአናጢነት ሥራ ይሠሩ ነበር። ጦጣ ትቆርጣለች፣ ትልጋለች፣ ታገጣጥማለች፤ አህያ እንጨቱን ያጓጉዛል። የቆመ ዝግባ አይነኩም። ንፋስ የጣለውን እንጨት ለቅመው ጥላ ሥር ያደርቃሉ፤ ከሸለቆው ደግሞ የደረሰ ቀርከሃ መርጠው ይቆርጣሉ፤ እሱ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። እግሩ የተሰበረ በርጩማ ሲመጣላቸውም እግሩን ብቻ ይቀይሩለታል።

ሥራ ሲቀንስ በየጎረቤቱ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። «ውሃችንን የያዘልን ዝግባው ነው» ትላለች ጦጣ። «ለመቀመጫ የሚሆን ሌላ እንጨት አለ።» የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነበር። በዝግባ ወንበር መቀመጥ ክብር፣ በቀርከሃ መቀመጥ የድህነት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበርና።

ከዕለታት በአንዱ ቀን አያ አንበሶ ለሸንጎው አርባ ወንበር ማሠራት ፈለገ። ጦጣና አህያ ሊያነጋግሩት ሲሄዱ፣ ቀበሮ ጅብን አስከትሎ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

«ጌታዬ» ይላል ቀበሮ፣ «የእርስዎ ወንበር እንደ እርስዎ ግርማ ያለው መሆን አለበት። ውሃ ከምንጠጣበት ምንጭ በላይ ያሉትን ዝግባዎች ሦስት እንስሳ ተያይዞ አያቅፋቸውም። አያ ጅቦ በአሥራ አምስት ቀን ሠርቶ ያስረክብዎታል።»

«በአሥራ አምስት ቀን» አለ ጅብ፣ ስንት ቀን እንደሆነ በውል ሳያውቅ።

አንበሳ ወደ ጦጣ ዞረ። «አንቺስ?»

«እኔ ስምንት ወር ይፈጅብኛል። ያልደረቀ እንጨት ወንበር አይሆንም። የቆመ ዝግባም አልቆርጥም፤ እነዚያ ዛፎች ከተነሡ ዳገቱን የሚይዘው የለም፣ ምንጩ ይጠፋል።»

«ምንጭ የሚወጣው ከመሬት ነው» አለ አንበሳ። «ከዛፍ ሲወጣ አላየሁም።» ሥራውንም ለጅብ ሰጠው።

ቤታቸው ሲደርሱ አህያ፣ «አንቺም አሥራ አምስት ቀን ብትዪው ምን ነበረበት?» አላት።

«ውሸት ነዋ» አለችውና መላጊያዋን አነሣች።

ጅብ አሥራ ሁለት ዝግባ ጣለ። እንጨቱ ገና ውሃ እያዠ ወንበር ሆነ። የቀረው መቀመጫውን በቆዳ ጠፍር መጥለፍ ብቻ ስለነበረ ቀበሮ አንድ ሸክም ጠፍር አምጥቶ ሰጠው። በማግስቱ ሲመለስ ጠፍር የሚባል የለም።

«ጠፍሩስ?» አለው።

«ጥሩ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ቀመስኩት።»

«ሁሉንም?»

«አንዱ ካንዱ ይለይ እንደሆነ ብዬ።»

ቀበሮ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በየወንበሩ ቀዳዳ ላይ ቀጫጭን ጭራሮ አጋድሞ ሣር አለበሰበት። «ማንም ገልጦ አያይም» አለ።

ወንበሮቹ ሸንጎው ወደሚቀመጥበት ሜዳ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ሦስት ቀን አላባራም። የተራቆተው ዳገት ተንዶ ወረደና ምንጩን ደፈነው። ውሃ ሊጠጡ የመጡት ሁሉ ያገኙት ጭቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለውሃ የግማሽ ቀን መንገድ ወርዶ ወንዝ መድረስ ግድ ሆነ፤ መሄድ ላቃታቸው ሽማግሌዎች አህያ ያመጣላቸው ጀመር። ጦጣ ጭቃው ዳር ቆማ ስታየው ዋለች። ያለችው በመድረሱ ምንም ደስታ አልተሰማትም።

ከዝናቡ በኋላ ፀሐይ ወጣች፤ እርጥቡ እንጨት መድረቅ፣ መጣመምና መሰንጠቅ ጀመረ። ሸንጎው በተሰበሰበ ዕለት አንበሳ በሁሉም ፊት ተቀመጠ። ጭራሮው ተሰባበረና አራት እግሩን ወደ ላይ እንዳደረገ ቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ሌሎቹም እየተቀመጡ ወደቁ። አንበሳን ጎትቶ ያወጣው አህያ ነበር።

አንበሳ ሣሩን ከጋማው አራግፎ ጅብን አየው። ጅብ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«እመት ጦጣ» አለ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምንጩን መልሺልን።»

«ምንጭ መሥራት አልችልም፣ ጌታዬ። ጭቃውን አብረን እናወጣለን፣ ዳገቱ ላይ ችግኝ እንተክላለን። ውሃው መቼ እንደሚመለስ ግን አላውቅም።»

«እነዚህስ? ይቃጠሉ?»

«አይቃጠሉ። አንድ ጊዜ ተቆርጠዋል፣ እንዲያው አይጥፉ። እፈታቸውና ጥላ ሥር ዓመት ይደርቃሉ። ከደህናው እንጨት የልጅ ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር ይወጣል።»

«እስከዚያ የት እንቀመጣለን?»

«መሬት ላይ።»

አንበሳ እግሩን አጠፈና መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

ሸንጎው ዓመቱን ሙሉ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጅብ ለችግኞቹ ውሃ ከወንዝ እንዲያመላልስ፣ ቀበሮ ጉድጓድ እንዲቆፍር ተፈረደባቸው። ቀበሮ ግን በእረፍቱ ሰዓት ላገኘው ሁሉ ቀርከሃን ያደንቅ ነበር፣ ድሮም ያለው እሱን እንደሆነ እያስመሰለ። በአራተኛው ክረምት ማግስት፣ ከድንጋዮቹ መሐል እንደ ክር የቀጠነ ውሃ መውረድ ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕቃ ስናሠራ እንጨቱ ከየት እንደመጣና ስንት ዘመን እንደሚያገለግል ካልጠየቅን፣ መቀመጫችንንም የምንጠጣውንም ውሃ ልናጣ እንደምንችል ነው።