የጋራ ወፍጮና የጋራ በቅሎ

ግራዝማች ደምሳሽ ከአንዲት ባልቴት ጋር እኩል አዋጥተው የተከሉትን ወፍጮ ሳያማክሯት ለነጋዴ ሸጡት። ሽማግሌ ፊት ብታቆማቸው ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ “በሽርክና ንብረት አንዱ ከወሰነ ይበቃል! ደግሞ አንቺን ላስፈቅድ?” አሉ።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ከሽማግሌዎቹ መካከል ወደተቀመጡት ቄስ ዞር ብላ፣ “እንግዲያው አባ፣ ግራዝማች የመጡባትን በቅሎ እርስዎ ይውሰዷት። ለወፍጮው እህል እንድታመላልስ በጋራ የገዛናት ናት፤ እኔ ወስኛለሁ” አለች።

ቄሱም አላመነቱም፤ ተነሥተው ልጓሟን ያዙ።

ግራዝማች ዘለው ተነሡ። “የጋራችንን ንብረት! እኔን ሳታማክሪ! በማን ፈቃድ?”

“እሰይ!” አለች ሴትዮዋ። “እንዲህ አሳምሬ መናገር አቅቶኝ ነው ስንገላታ የከረምኩት። ሽማግሌዎች፣ ክሴ ይኸው ነው፤ አንድም ቃል ሳትቀንሱ ያዙልኝ።”